ስጦታ የተጫነበት ዲስክ

መጀመሪያ ያየሁት የጆሮ ጌጧን ነው። አንዱ ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከማውሱ አጠገብ ተቀምጧል። ተሰብሮባት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በማግስቱም እንደዚያው ነበር። ጠዋት ሁለቱንም አድርጋ ትገባለች፣ ወንበሯን ስባ ስትቀመጥ የቀኙን ታወልቃለች፣ ልትወጣ ስትል መልሳ ታደርገዋለች።

ምክንያቱ የገባኝ የሒሳብ ክፍሉ ሹም ጥቁር ሃርድ ዲስክ እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጁ አቅፎ የገባ ዕለት ነው።

"ሞተብኝ" አላት።

"ሲሰካ መብራቱ ይበራል?"

"መብራቱስ ይበራል። ኮምፒዩተሩ ነው አላውቀውም የሚለው።"

ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ሰካችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጌጥ የሌለበትን ጆሮዋን ዲስኩ ላይ አስጠጋች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። ሐኪም መሰለችኝ ልል አሰብኩ፤ ነገር ግን ሐኪም ሲያዳምጥ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ይነበባል። እሷ ፊት ላይ ምንም አልነበረም። መስኮቱን እያየች ታዳምጣለች፣ ያውም መስኮቱን የምታይ አትመስልም።

"አንስተሽ ጆሮሽ ላይ ብታደርጊው አይሻልም እትዬ?" አልኳት።

"የሚዞር ዲስክ አይነሳም" አለች። "ሰው ነው ጎንበስ የሚለው።"

ቀና አለችና ለሹሙ ነገረችው። "ደህና ነው። እኩል ይዞራል። ቀጭ ቀጭ ቢል ኖሮ ነቅዬ ዝም ነበር የምለው። ገመድህ ነው የላላው። ከፊት ለፊት ባለው ቀዳዳም አትሰካው፣ ከኋላ ስካው፤ የፊቱ ኃይል ያንሰዋል።"

ከመሳቢያዋ አጭር ገመድ አውጥታ ቀየረችለት። ዲስኩ ተከፈተ። ሹሙ እጁን እያጨበጨበ ሳቀ።

"እትዬ ገመድ! አንቺ እኮ ሬሳ ቢያመጡልሽም ገመዱን ቀይሩ ነው የምትዪው!"

ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ሹሙ አፉን በእጁ ሸፈነ። እሷ ግን ገመዱን እየጠቀለለች፣

"ሬሳ ገመድ የለውም" አለች። "ስትነቅለው በሥርዓቱ አስወጣው። ዝም ብለህ አትመንጭቀው።"

መሥሪያ ቤታችን ካርታ ይሠራል። እኔ የመሥሪያ ቤቱን መጽሔት የማሰናዳ አዲስ ተቀጣሪ ነኝ፤ ቢሮ እስኪገኝልኝ ብለው እሷ ክፍል ጥግ አስቀመጡኝ፣ ቢሮውም ሳይገኝ ቀረ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአንዱ ግድግዳ በቱቦ የተጠቀለሉ አሮጌ ካርታዎች ቆመዋል፣ በሌላው በነጭ ፕላስተር ስም የተለጠፈባቸው ዲስኮች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ቀያሾቹ ከመስክ ሲመለሱ ዲስካቸውን ከኪሳቸው፣ ከብስኩት ፍርፋሪና ከአቧራ ጋር አውጥተው ያስረክቧታል። አንዱ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶት የጋለ ያመጣል፤ አንዱ "ትንሽ ወድቆ ነበር" ይላል። "ትንሽ መውደቅ እንዴት ነው?" ትለዋለች፣ ሳትቆጣ።

የራዲዮ ጠጋኝ ልጅ ናት። አባቷ ማንኛውንም ዕቃ ከመፍታቱ በፊት ያዳምጥ ነበር። "ሰው ቡሎን ለመፍታት ይቸኩላል፤ አዳምጦ የፈታ ግን ግማሹን ጨርሷል" ይላት እንደነበር አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ነገረችኝ። ከዚያ ኮሌጅ ገባች፣ ተመረቀች፣ እዚህ ተቀጠረች፣ አገባች፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሹካዋን ሳታስቀምጥ ነው። ባሏ መሞቱንም በዚያው ትንፋሽ ጨመረችበት። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሠረ ልቡ ቆመ። አንዱን ጫማ አስሮ ነበር።

ባሏ ማተሚያ ቤት ውስጥ የመጽሐፍ ሽፋን ይሠራ ነበር። ፎቶ መነሳት አይወድም፤ ሲያነሱት ፊቱ የመታወቂያ ፊት ይሆናል። ራሱ ግን ሲያነሳ አይጠግብም። ልጅቷ ጥርስ ስታወጣ፣ ብስክሌት ላይ ስትወጣ፣ አኩርፋ ጠረጴዛ ሥር ስትገባ፣ እሱ ከስልኩ ጀርባ ሆኖ ያወራታል፣ ያሾፍባታል፣ ይስቃል። ቪዲዮዎቹ ላይ መልኩ የለም፤ ድምፁ ግን አለ። ስልኩ በሞላ ቁጥር ሁሉንም ሳይመርጥ ወደ አንድ ዲስክ ያዛውርና ስልኩን ባዶ ያደርገዋል። ድምፅ ቀርፆ መላክ የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ መናገር ሲፈልግ ይደውላል። ስለዚህ ድምፁ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

"ሌላ ቅጂስ?" አልኳት።

"የለም።"

"አንቺ ቤት?"

"ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" አለች። "ያንን ዲስክ ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ እንለዋለን እኮ። ባክአፑ ላይ አስቀምጠው፣ ባክአፑን አምጪው። ካንድ በላይ ያልሆነ ነገር ባክአፕ አይደለም፤ ለሰው ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው።"

አንድ ቀን የልጇን ፀጉር ስትሠራላት ልጅቷ ጠየቀቻት። ሁሉም ሚጣ ነው የሚላት። "እማዬ፣ አባዬ ሲስቅ እንዴት ነበር?" አለቻት።

"አፌን ከፈትኩ" አለችኝ። "ላስመስለው ነበር። አልመጣልኝም። ዲስኩ ላይ አለ፣ እንከፍተዋለን አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አልከፈትኩትም።"

"ለምን?"

ውሃዋን ጠጣች። "እንጃ። አንዴ ከሰካሁት ወይ ይታያል ወይ አይታይም። ቁም ሳጥን ውስጥ እስካለ ግን ዲስክ ነው።"

የሰው ዲስክ ስትከፍት የምትውል ሴት የራሷን ዲስክ ከልብስ መካከል ትታው ወደ ሥራ ትመጣለች። ይህ እንዴት እንደሚቻል ብዙ አሰብኩ። ማታ ከቤቴ መስኮት ላይ ሆኜ አሰብኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ አሰብኩ። እሷ ምሳዋን ትበላለች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ፈቃድ አትጠይቅም፣ አታረፍድም። አንድ ነገር ሲነግሯት ቃሉ ደርሶባት ትንሽ ቆይቶ የሚገባት ይመስላል፤ እንደ ቀዘቀዘ እጅ።

ዋርሳዋ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከደረጃው ጀምሮ ድምፁ ይሰማል።

"እታለም! እታለም የት ነው ክፍልሽ? ይህን ያህል ፎቅ በእግር ያስወጡኛል? እኔ ጎማ የለመድኩ ሰው!"

ገብቶ ትከሻዋን አቀፈ፣ ለእኔም እጁን ዘረጋ፣ ከጃኬቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። ገለጠችው። ግራጫ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ጥጉ ላይ የልጅ እጅ የለጠፈው የአበባ ስቲከር አለበት።

"ይህ…" አለች።

"አውቀሽዋል! የወንድሜ ነው። ሳትሰሚ ነው የወሰድነው፤ አንቺ ሥራ ሳለሽ እማዬ ከቁም ሳጥንሽ አውጥታ ሰጠችኝ። ስኪው፣ ስኪው!"

ሰካችው። ፎልደሮች ተከፈቱ። የእያንዳንዱ ፎልደር ስም የዘመድ ስም ነው፤ አክስት፣ የአጎት ልጆች፣ የሠፈር ጓደኞች፣ የማተሚያ ቤቱ ባልደረቦች። ሰውየው ከሁሉም ስልክ ላይ የሟቹን ፎቶ ለምኖ ሰብስቧል። አገር አቋርጦ በሄደበት ሁሉ ዘመድ ቤት እየገባ "ወንድሜ ያለበት ፎቶ ካላችሁ" ሲል ከርሟል። ከቪዲዮም የሠርግ ጭፈራ፣ ሙዚቃ ብቻ የሚሰማበት፣ ብዙ ሰዓት የሚረዝም። ከጎረቤት ክፍል ሰዎች መጥተው ከኋላችን ቆሙ። "እንዴት ያለ ወንድም ነው!" አለች የማህደር ክፍሏ ሴት፣ ዓይኗን እየጠረገች።

እትዬ ገመድ እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ጠየቀችው።

"ሲሰካ ምን አለህ?"

"ማን?"

"ኮምፒዩተሩ። መጀመሪያ ስትሰካው።"

"እሱማ አስቸገረን! ጎረቤታችን ቤት ነው የሰካነው። ለመጠቀም ከፈለጉ ፎርማት ያድርጉ አለን።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"እሺ ነዋ! ምን እላለሁ? ባዶ ነው ማለት ነው፣ አዲስ ገዝቶ ሳይጠቀምበት ነው የሄደው ብዬ አለቀስኩ እንኳ። ከዚያ ባዶውን ከምሰጣት ብዬ ሞላሁት።" ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። "አጠፋሁ እንዴ?"

የማህደሯ ሴት፣ ሹሙ፣ እኔ፣ ሁላችንም እሷን አየናት።

"አላጠፋህም" አለች። "እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ደክመሃል።"

ሻይ አስመጣችለት። እየጠጣ ስለ መንገድ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ እናቱ ጉልበት አወራ። "አዎ፣ አዎ" አለችው። እስከ ደረጃው ሸኘችው። ስትመለስ ዲስኩን በሥርዓቱ አስወጣች፣ ነቀለች፣ ነጭ ፕላስተር ቀድዳ "ማንም እንዳይነካ" ብላ ጻፈችበት። ያኔ ነው የእጅ ጽሑፏ ጠማማ መሆኑን ያየሁት። ሌሎቹ ዲስኮች ላይ የጻፈችው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው።

"ምን ሆነ?" አልኳት።

ነገረችኝ። ባሏ ይሠራበት የነበረው ኮምፒዩተር ሌላ ዓይነት ነው፤ ዲስኩም የተሰናዳው በዚያኛው አጻጻፍ ነው። የእኛ ዓይነቱ ኮምፒዩተር አጻጻፉን ማንበብ ሲያቅተው አላነበብኩም አይልም፤ ፎርማት ላድርገው፣ ጠርጌ እንደ አዲስ ላሰናዳው ይላል። ሰውም ባዶ ነው ማለቱ ይመስለዋል። "ብዙ ሰው በዚች ጥያቄ ነው የሚጎዳው" አለች። "አይ ብሎ፣ ነቅሎ፣ የሚያነብ ኮምፒዩተር መፈለግ ነበር።"

"እና ሁሉም ጠፋ?"

"እሺ ሲል ማውጫው ነው የተቀደደው። ገጾቹ አሉ። እዚያ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም አወጣው ነበር።" የፕላስተሩን ጠርዝ በጣቷ ተጫነች። "ከዚያ በላያቸው ጻፈባቸው። ፎቶዎቹን።"

ወንድምየው ያመጣው መልኩን ነው፣ ያለ ድምፅ። የጠፋው ድምፁ ነው፣ ያለ መልክ። በላዩ ላይ በፍቅር፣ ፎልደር በፎልደር፣ እያለቀሰ ተጭኖበታል። ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ዋርሳዋ የጭነት መኪናውን እያዞረ ነበር፤ ወደ ላይ አየና እጁን አውለበለበ። እኔም አውለበለብኩ።

"ዲስኩ ትልቅ ነው" አለች ከኋላዬ። "ምናልባት ያልደረሰበት ቦታ ይኖራል።"

በማግስቱ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከመጋዘን አስወጣች። ከጎኑ ሌላ ባዶ ዲስክ ሰካች። "የሚወጣው ነገር እዚያው ላይ ተመልሶ አይጻፍም" አለችኝ፣ እኔ ባልጠይቃትም። "ካልሆነ የቀረውንም በገዛ እጅህ ትቀብራለህ።" ፕሮግራሙን አስነሳች። አረንጓዴው መስመር የማይንቀሳቀስ እስኪመስል ድረስ ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሌሎቹ ቀናት ነበሩ። ቀያሾች ገቡ፣ ወጡ። የማህደሯ ሴት ዲስክ አልታይ አለ፤ እትዬ ገመድ ወርዳ አየችና መጠሪያ ፊደሉ ከሌላ ዲስክ ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ አገኘች፣ ሌላ ፊደል ሰጠችው፣ ታየ። "አንቺ እኮ ለዲስክም ስም ታወጪለታለሽ!" አለቻት። ሳቀች። ወደ ክፍሏ ስትመለስ አረንጓዴውን መስመር አየት ታደርጋለች፣ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ መብራት ጠፋና ኮምፒዩተሩ ቆመ። መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

ሲያልቅ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው ፋይሎች ስክሪኑን ሞሉት። አብዛኛው ወንድምየው የጫነው ፎቶ ነው፣ በድጋሚ። የመጽሐፍ ሽፋኖች ወጡ፤ ግማሻቸው በግራጫ መስመር የተቆረጠ። ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። አንዱ "ሊከፈት አልቻለም" ይላል። ቀጣዩም። አንዱ ተከፈተ፤ የብስክሌት ጎማ ግማሽ ታየና ቀዘቀዘ፣ ድምፅ የለውም። ዘጋችው። ቀጣዩን ከፈተች። ፊቷን አላየሁትም፤ ጣቷን ብቻ ነበር የማየው። ጣቷ አልፈጠነም፣ አልዘገየምም።

ሚጣ የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እኛ መጥታ ነበር፤ የምታመጣት አያቷ ጉልበቷን አሟታል። ወለሉ ላይ ተኝታ በአሮጌ ካርታ ጀርባ ቤት ትሥላለች።

ጨለማ የሆነ ቪዲዮ ተከፈተ። ከዚያ ባትሪ በራ፤ ቱቦ ታየ፣ ከእቃ ማጠቢያ ሥር ያለ፣ ጨርቅ የታሰረበት። አንድ ወንድ መናገር ጀመረ።

"ይኸው ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ነው። ቆይ ላብራልህ… አየሃት? እዚች መጋጠሚያዋ ላይ። ጨርቅ አስሬባት ነበር፣ አልያዘችም። ስትመጣ ቀጭኑን ቁልፍ ይዘህ ና፤ ያ ያለፈው አይገባም። እንዲህ ሆና ነው እንግዲህ የም… ኧረ! ኧረ ፊቴ ላይ!"

ሳቀ። ሳቁ ከአፍንጫው ይጀምርና ወደ ውስጥ ይገባል፣ እንደሚያስነጥስ ሰው። ቪዲዮው ቆመ።

ሚጣ እርሳሷን እንደያዘች ቆማ ነበር።

"አባዬ ነው።"

"አዎ።"

"ከማን ጋር ነው የሚያወራው?"

"ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር። እንዲያየው ቀርፆለት ነው።"

"እኔስ?"

"አንቺ የለሽበትም።"

ሚጣ አሰበች። "ድገሚው" አለች።

ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ልጅቷ እናቷ ወንበር ክንድ ላይ ተቀምጣ አብራው ትናገር ነበር፤ "ያ ያለፈው አይገባም" ስትል ድምፅዋን አወፈረች። ሳቁ ጋ ሲደርስ ግን ዝም አለች፣ እሱን ብቻ ሰማች። ከዚያ ወርዳ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። እናቷ የቀሩትን ፋይሎች እስከ መጨረሻው ከፈተቻቸው። ሌላ አልነበረም።

ዋርሳዋ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል።

"እታለም፣ ዲስኩ እየሠራ ነው?"

"እየሠራ ነው።"

"አየሻቸው ፎቶዎቹን? ያቺን የሠርጉን አየሻት?"

"አየኋት። አምሮበታል።"

ስልኩን ስትዘጋ መታገሥ አቃተኝ። "አትነግሪውም?"

"ምን ብዬ?" አለች። "ወንድሙን ሁለተኛ እንዲቀብር?"

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ ፍላሽ አገኘሁ፣ በነጭ ፕላስተር የተጠቀለለ። ምንም አልተጻፈበትም።

"የቧንቧው ቪዲዮ ነው። አንዱ ቤት አለ፣ አንዱ እዚህ አለ" አለችኝ። "ሦስተኛው ከሁለቱም ውጪ መሆን አለበት። ቤት ይቃጠላል፣ መሥሪያ ቤት ይዘረፋል። አንተ ጋ ይቀመጥ።"

"እኔ ጋ?"

"ቤትህ መሳቢያ የለህም እንዴ?"

"አለኝ።"

"ደረቅ ቦታ አድርገው። መክፈት የለብህም። አልፎ አልፎ ሰክተህ መታየቱን እይልኝ፣ ይበቃል። ካልታየ ንገረኝ፣ ሌላ እገለብጥልሃለሁ።"

እንዴት አድርጌ እንደምጠብቀው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ብዙ ነገር ልል ነበር። እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች፤ የሚጣ አስተማሪ ጠርታት ነበር። "ቀያሾቹ ከመጡ ጠብቁ በላቸው" አለችና ወጣች። በኮሪደሩ ሄደች። ጥቅል ካርታ ተሸክሞ ለሚመጣ ቀያሽ በሩን ያዘችለት፣ አመሰገናት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ በሩን ለቀቀችውና ደረጃውን ወረደች።